የእትዬ ዘርፌ አሥራ አንድ ሰከንድ

እትዬ ዘርፌን የመለሰልኝ ጭብጨባ ነው። ወልቂጤ ውስጥ በተከራየኋት ጠባብ ክፍል ለወጣቶች የቪዲዮ ቅንብር አስተምራለሁ፤ በየዙሩም ስለ ጉራጌ ዘፈን የተሠራ አንድ ዘጋቢ ፊልም አሳያለሁ። መሐሉ ላይ ከድሮ የቪዲዮ ካሴት የተወሰደ አሥራ አንድ ሰከንድ አለ። ሴቶች ክብ ሠርተው ይዘላሉ፣ ፊታቸው ሳይለይ ያልፋል፣ የእጃቸው ምት ሁሉ ከከበሮው ጋር ግጥም ይላል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ይህንኑ ቦታ እየደጋገምኩ "ተመልከቱ፣ ምስልና ድምፅ እንዲህ ሲጋቡ ነው ደስታ የሚታየው" ስል ኖሬያለሁ።

ባለፈው ወር ከቡኢ የመጣችው ተማሪዬ ትዕግስት እጇን አወጣች።

"ቲቸር፣ ይሄ እኮ ዘፈን አይደለም። ለቅሶ ነው።"

ክፍሉ ሳቀ፤ እኔም ፈገግ ያልኩ ይመስለኛል። እሷ ግን ወደ ኋላ አላለችም። "ነጠላቸውን ይዩት። ሁሉም አዘቅዝቀው ነው የለበሱት" አለች።

ስህተቷን ላሳያት ብዬ ድምፁን አጠፋሁና ምስሉን ማዘግየት ጀመርኩ። ለካ ኤዲተሩ አፍጥኖት ኖሯል። በተፈጥሮ ፍጥነቱ ሲሄድ ጭፈራ ያልኩት ዝላይ ከባድ ሆነ፤ ጭብጨባ ያልኩትም ግማሹ ደረት መምታት ነበር። መሐል ያለችው ሴት ቀና ስትል ምስሉን አቆምኩት። እትዬ ዘርፌ ነበረች።

አባቴ ከጎንደር ወደዚሁ ወልቂጤ ተዛውሮ የመጣ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር። የተከራየነውን ቤት ከእትዬ ዘርፌ ግቢ የሚለየው አንድ ረድፍ እንሰትና ያረጀ የቀርከሃ አጥር ብቻ ነው። መዳፏ ቆጮ ቆጮ፣ ራሷ ቅቤ ቅቤ ይሸታል። በሰፈሩ ሰርግ ካለ ዘፈን አውራጇ እሷ ናት። ከሰዓት በኋላ ቴፗን በረንዳ ላይ ታወጣና፣ የደከመውን ባትሪ ፀሐይ አስመትታ መልሳ ትከትበታለች። ዘፈኑ ሲጀምር ከኋላዬ ቆማ ሁለት እጆቼን በእጆቿ ይዛ ታስጨበጭበኛለች። እኔ ወይ እቀድማለሁ፣ ወይ እዘገያለሁ።

"የዚች ልጅ እጅ ገና አማርኛ ነው የሚያወራው" እያለች ጎረቤቱን ታስቅብኝ ነበር። አልቀየማትም። ከትምህርት ቤት ስመለስ ቦርሳዬን ጥዬ በአጥሩ ቀዳዳ የምሾልከው ለዚያው ነው። ዛሬ ምስልን ከምት ጋር አስማምቼ እንጀራ የምበላው እሷ መዳፌ ላይ ባስቀመጠችው ነገር ነው።

ከዕለታት አንድ ቀን መርካቶ የሚነግደው የበኩር ልጇ የብርሃኑ አስከሬን መጣ። እናቴ "ልጅ ለቅሶ አያይም" ብላ በሩን ዘጋችብኝ። አብረውት የሚሠሩት ልጆች፣ ያልመጣው ዘመድ እንዲያየው ብለው ካሜራ ማስመጣታቸውን ሰምቻለሁ። እኔ ግን በአጥሩ በኩል ድምፁን ብቻ ሰማሁ። ከዚያ ወዲያ እትዬ ዘርፌ ሰርግ አልወጣችም፤ ቴፑንም ለሰው ሰጠችው።

ካሴቱ በየት ዞሮ ፊልም ሠሪው እጅ እንደገባ አላውቅም። የማውቀው፣ ድምፁን ቆርጦ ጥሎ የሰርግ ከበሮ እንዳለበሰው ነው። እኔም ያንን ደስታ ነው ብዬ አስተማርኩ። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ለፊልሙ ባለቤቶች ምስሉ እንዲወጣ የሚጠይቅ ደብዳቤ ጻፍኩ። ከመላኬ በፊት ግን ለቤተሰቡ መንገር ነበረብኝ። እትዬ ዘርፌ ካረፈች ቆይታለች፤ ብርሃኑ ሲሞት ገና የምትታዘል የነበረችው ልጇ ሰናይት ግን እዚያው ግቢ ውስጥ ትኖራለች። ባጃጅ ይዤ ሄድኩና ሁሉንም ነገርኳት። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ።

"እናውቃለን እኮ" አለችኝ።

"ከመቼ ጀምሮ?" አልኳት።

"በመስቀል በዓል ፊልሙን ቴሌቪዥን ያሳየ ጊዜ ቤቱ ሁሉ ተንጫጫ። ወንድሞቼ ሊከሱ ተነስተው ነበር፤ የከለከልኳቸው እኔ ነኝ። እማዬ ያላት ፎቶ የመታወቂያዋ ብቻ ነው። ስትንቀሳቀስ የምናያት እዚያ ላይ ነው። እባክሽ እታለም፣ እንዳታስወጪብን።"

ስልኳን አወጣች። አሥራ አንዱን ሰከንድ ለብቻው ቆርጣ አስቀምጣዋለች። ድምፁን አጠፋችና "እኛ እንዲህ ነው የምናያት" አለች።

ደብዳቤውን ቦርሳዬ ውስጥ እንዳለ ትቼ ላፕቶፔን አወጣሁና ያዘገየሁትን ከፈትኩላት። ሰናይት እናቷን በራሷ ፍጥነት አይታት አታውቅም። እጇን አፏ ላይ ጭና እስኪያልቅ አየችው።

"አንቺ ያኔ ሰምተሻል አይደል?" አለችኝ። "ምን ትል ነበር?"

"ጉራጊኛው ያኔ አይገባኝም ነበር" አልኳት። "ስሙን ስትጠራ ግን ሰምቻለሁ። 'ብርሃኑ' ነበር የምትለው፣ እየደጋገመች።"

ሰናይት ምስሉን ከመጀመሪያው አስጀመረችው። ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለች። እናቷ ቀና ብላ አፏን ስትከፍት፣ ሰናይት በቀስታ "ብርሃኑ" አለች። ከእናቷ ከንፈር ጋር ገጠመ።