ከስታትስቲክሶቹ ጀርባ የሸጎጥኩት ልብ ወለድ

የመመረቂያ ጽሑፌን የሠራሁት በአንድ ልብ ወለድ ላይ ነበር። መጽሐፉ ከገበያ ጠፍቷል። ለቡ ያለው የኮሌጃችን ላይብረሪ አንድ ኮፒ ብቻ ነበረው፤ እሱንም እዚያው ማንበብ እንጂ ወደ ቤት መውሰድ አይቻልም።

እኛ ተማሪዎች ደግሞ ጉዶች ነን፤ ለዚህም መላ አለን። የምንፈልገውን መጽሐፍ ማንም ወደማይደርስበት መደርደሪያ ወስደን እንሸጉጠዋለን፤ በማግስቱ መጥቶ ማውጣት ነው። እኔም ልብ ወለዱን ከአሮጌዎቹ የስታትስቲክስ መጻሕፍት ጀርባ አጋደምኩት። ብልጥ መሆኔ ነው እንግዲህ!

በዚያው መጽሐፍ ላይ የምትጽፍ አንዲት ጓደኛ ነበረችኝ። ቤታቸው ሀና ማርያም ነው። አባቷ ድሮ ገበሬ ነበሩ፤ እርሻቸው ሰፈር ሲሆን ጥበቃ ተቀጠሩ፤ በኋላ ኩላሊታቸው ታሞ አልጋ ያዙ። የቀራቸው ምኞት ልጃቸውን በጋዋን ማየት ነበር። ይህን አሳምሬ አውቃለሁ፤ ልጠይቃቸው በሄድኩ ቁጥር ምረቃው መቼ እንደሆነ የሚጠይቁት እኔን ነበር።

ጠዋት ጠዋት እሳቸውን ስለምታስታምም ላይብረሪ የምትመጣው ከሰዓት ነው። ከሀይሌ ጋርመንት በታክሲ ተጋፍታ እስክትደርስ እኔ አንብቤ፣ ማስታወሻ ይዤ፣ መጽሐፉን መልሼ ሸጉጬዋለሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ መደርደሪያ ስትበረብር ከረመች። አንድ ቀን አጠገቤ መጥታ ዝርፍጥ አለች።

«አንቺስ አላየሽውም?» አለችኝ።

«እኔም እሱኑ ነው የምፈልገው» አልኳት፤ ደብተሬን በክንዴ ሸፍኜ።

ሁለት ቀን ብቻ፣ ከዚያ ቦታው እመልሰዋለሁ ብዬ ነበር። አድቫይዘሬ አስተካክይ ባለኝ ቁጥር ግን እንደገና አስፈለገኝ። ጽሑፌን ባስረከብኩ ማግስት መለስኩት፤ ምን ዋጋ አለው? እሷ ተስፋ ቆርጣ ርዕስ ቀይራለች፤ አዲሱም ለዚያ ዓመት አልደረሰላትም።

እኔ ተመረቅኩ። አባቷ በዚያ በደከመ ድምፃቸው ደውለው እንኳን ደስ አለሽ አሉኝ። የሷን ሳያዩ ክረምቱ ሲገባ አረፉ።

ለቅሶ ስደርስ ዝናቡ ድንኳኑን ይደበድበዋል። ጓደኛዬ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። ከዚያ ወደ አክስቶቿ ዞር አለች።

«ያን መጽሐፍ አብራኝ ስትፈልግ የከረመችው እሷ ናት» አለቻቸው።

አክስቶቿ መረቁኝ። ተጠጋግተውም ከአጠገቧ ቦታ ለቀቁልኝ። ሄጄ ተቀመጥኩ።