ሾፌር የሌለው የማዘዣ መኪና

አባቴ ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ የነዳው ባለ ሰንሰለት የጦር ማዘዣ መኪና ነው። አዛዦቹ ከኋላ ካርታ ዘርግተው በሬዲዮ ይጮኻሉ፤ እሱ ከፊት አንገቱን ብቅ አድርጎ አቧራ ይቅማል። ፎቶ ሲነሱ ግን ሁልጊዜ መኪናው ሥር ነበር፣ ሰንሰለት ሲያጠብቅ። ቤታችን ካሉት ፎቶዎች በአንዱ ላይ ብቻ ጫማው ይታያል። እናቴ ለእንግዳ "ይኸውላችሁ ባለቤቴ" እያለች የምታሳየው ያንን ጫማ ነው።

እህቴ የዚያኑ መኪና የሚገጣጠም የፕላስቲክ ሞዴል ስታመጣለት ሰውዬው ልጅ ሆኖ ቁጭ አለ። የምግብ ጠረጴዛውን ወረሰ፤ እኛም ሳህናችንን ጭናችን ላይ አድርገን መብላት ጀመርን። የእናቴን የቅንድብ ወረንጦ ቀማ። መመሪያውንማ ዞር ብሎም አላየው። "ይሄን መኪና ለእኔ ወረቀት ሊያስተምረኝ?" አለ። በዚሁ ድፍረት ሰንሰለቶቹን ገልብጦ አጣበቀና አንድ ቀን ሙሉ አኮረፈን፣ እኛ ያጣበቅናቸው ይመስል።

በአሥረኛው ቀን መኪናው ላይ የሚቀመጡት ትንንሽ የፕላስቲክ ሰዎች ብቻ ቀሩ፤ አንድ ኮሎኔል፣ ሁለት ሬዲዮ ኦፕሬተሮችና አንድ ካርታ ያዥ። አባቴ ካርቶኑን ዘቅዝቆ አራገፈ። ምንጣፉን ገልቦ በጉልበቱ ዳኸ። በመጨረሻ ተሸነፈና መመሪያውን ገለጠ።

"ሾፌር የለውም" አለ።

"እንዴት የለውም?" አለች እናቴ ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ።

"የለውማ! ታዲያ ይሄ ሁሉ ብረት በጸሎት ነው የሚሄደው?"

ሳቃችን መጣ፤ ፊቱን ስናይ ዋጥነው። እዚህም ላይ ረስተውታል። አንጀቴን በላው። መኝታ ቤት ገብቶ በሩን ዘጋ።

እናቴ ኮሎኔሉን በወረንጦ አንጠለጠለችው። ቆቡን በምላጭ ላጨችው። እግሩን ከጉልበቱ ቆረጠችና በሾፌሩ ቀዳዳ ውስጥ ወተፈችው። ከጥቁር ክር ጫፍ ቆርጣም እንደ አባቴ ያለ ጢም ለጠፈችለት። እጁ ግን ትእዛዝ ሲሰጥ እንደተቀሰረ ቀረ።

አባቴ ሲወጣ አጎንብሶ ብዙ አየው።

"ሾፌር ጣት አይቀስርም" አለ።

"ሃያ አንድ ዓመት ተቀስሮብህ የለ? በል አሁን አንተ ቀስር" አለችው እናቴ።

ሞዴሉ አሁን መደርደሪያው ላይ ነው፣ ሰንሰለቱ እንደተገለበጠ። ትናንት ጎረቤታችን ስትመጣ እናቴ እንደ ልማዷ ወደ ጫማው ፎቶ አመራች። አባቴ ከወንበሩ ተነስቶ ጣቱን ወደ ሞዴሉ ቀሰረ።

"እሱን ተዪው" አላት፣ "ፊቴ እዚህ አለ።"