የገመዳ ትርጉም

ባለፈው እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ የአዳማ ሙቀት ሰውን ሁሉ ከየቤቱ አውጥቶ በር በር ላይ ባስቀመጠበት ሰዓት፣ ጎረቤታችን ግቢው መሃል አንሶላ ልትዘፈዝፍ ሳፋው ውሃ ላይ በረኪና አንቆረቆረች። እኔ ሳሎን ተጋድሜ ነበር። ሽታው በመስኮት ገብቶ አፍንጫዬን ሲመታኝ እንደ ልማዴ ተነስቼ ዘጋሁ፤ ሚስቴም እንደ ልማዷ «ደግሞ ጀመረህ» አለችኝ። በኛ ቤት በረኪና አይገባም። ምክንያቱን ሚስቴ ታውቃለች፣ ልጄ ግን ገና ትንሽ ስለሆነች አልነገርኳትም። እሷ ሙቀቱም ሽታውም ሳይገዳት ቴሌቪዥኑ ስር ተቀምጣ ከኢንተርኔት ፈልጋ ያገኘችውን የድሮ ካርቱን ታያለች። መስኮቱን ዘግቼ ዞር ስል ስክሪኑ ላይ ሦስት ወንድማማቾች አየሁ፤ ጀርባቸው እንደ ጃርት እሾህ ያበቀለ፣ ድልድይ ስር ተቃቅፈው ለመተኛት ሲሞክሩ እየተወጋጉ «ዋይ!» የሚባባሉ ጎረምሶች ናቸው። ልጄ አጠገብ ምንጣፉ ላይ ቁጭ አልኩ።

ይህን ፊልም አውቀዋለሁ። እንዲያውም በቃሌ ነው የማውቀው፤ የማውቀው ግን በወንድሜ በገመዳ አፍ ነው።

እኔና ገመዳ የተወለድነው ከወለንጪቲ ወጣ ብላ ባለች መንደር ነው። በዚያ አገር ዝናብ ሲያሰኘው ይመጣል፣ ሳያሰኘው ይቀራል፤ የምንጠጣው ከመሬት ሆድ በሞተር የሚወጣ ለብ ያለ ውሃ ነበር፤ በጀሪካን ቀድተን ጥላ ስር እናሳድረውና ሲቀዘቅዝ እንደ ጠላ እያጣጣምን እንጠጣዋለን። የወተት ጥርሳችን ወልቆ ሌላው ሲተካ ቡናማ ሆኖ በልዞ በቀለ። የመንደሩ ልጅ ሁሉ ጥርሱ እንደዚያው ስለነበር ማንም በማንም አልሳቀም። ትልልቆቹም ወገባቸው እየደረቀ ሄዶ፣ ከኋላቸው ሲጠሯቸው አንገታቸውን ማዞር አቅቷቸው ከነሙሉ ሰውነታቸው መዞር ሲጀምሩ፣ እርጅና ነው ተብሎ ይታለፋል። የተለየን ፍጥረት መሆናችንን የሰማነው አባታችን አዳማ አንድ ዱቄት ወፍጮ ቤት ዘበኛ ሆኖ ተቀጥሮ፣ ጓዛችንን አይሱዙ ላይ ጭነን ከተማ ከገባን በኋላ ነው።

አዳማ ክፉ ከተማ አይደለችም፤ ከየትም የመጣ እንግዳ ሲገባባትና ሲወጣባት የኖረች ናት። ልጅ ግን የትም ልጅ ነው። ገና በመጀመሪያው ሳምንት ገመዳን «ዝገት» አሉት፣ እኔን ደግሞ «ትንሹ ዝገት»። እናታችን ያደገችው ቢሾፍቱ ስለሆነ ጥርሷ እንደ ወተት ነጭ ነው፤ እና ልጆቿ እንዲህ የሆኑት በእሷ ስንፍና መሰላት። በየማለዳው መፋቂያ አስይዛን ድዳችን እስኪደማ ታስፍቀን ነበር። እኔ አለቅስ ነበር። ገመዳ ግን አያለቅስም፤ ዝም ብሎ ይፍቃል። ስሙ በኦሮምኛ «ደስ አለው» እንደ ማለት ነው፣ ነገር ግን ደስ ሲለው እጁን አፉ ላይ ይከድናል፤ በአፍንጫው ነው የሚስቀው። ክፍል ውስጥ መልሱን እያወቀ አይመልስም፤ የሰው ቤት ሄዶ ውሃ ቢጠማው አይጠይቅም። ከጊዜ በኋላ ቃል ከአፉ የሚወጣው ማታ ተኝተን መብራት ሲጠፋ ብቻ ሆነ። ያን ጊዜ ግን፣ አቤት ወሬ! አባታችን ከዚያኛው ክፍል «እናንተ ልጆች!» እስኪል ድረስ አንሶላ ነክሼ እስቅ ነበር።

ከመናኸሪያው ጀርባ ጋሽ ታዬ የሚባሉ ጡረታ የወጡ ሹፌር ቪዲዮ ቤት ነበራቸው። ቤት ማለት የጭቃ ክፍል ነው፤ መስኮቱ በጥቁር ላስቲክ የተሸፈነ፣ ወንበሩ አሮጌ ጎማ ላይ የተጋደመ ጣውላ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ ልጁ ሁሉ በላብ ተዘፍቆ የሚያይበት። የእግር፣ የቆሎና የጋለ ቴሌቪዥን ሽታ የተቀላቀለበት ያ አየር ዛሬም ቢመጣ ዓይኔን ጨፍኜ እለየዋለሁ። ፊልሙ በእንግሊዝኛ ነው፤ ከኛ መሃል እንግሊዝኛ የሚችል የለም፤ ስለዚህ ድብድብ ሲሆን እናጨበጭባለን፣ ወሬ ሲበዛ እንቆናጠጣለን። አንድ ቅዳሜ ይኸው የእሾሃሞቹ ወንድማማቾች ካርቱን ገባና፣ ታላቅየው አንድ በር አንኳኩቶ ብዙ ሲናገር ከፊት የተቀመጠ ልጅ «ምን አለ?» ብሎ ጮኸ። ከእኔ ጎን፣ ከጨለማው ውስጥ፣ «ከወለንጪቲ ነው የመጣነው፣ የመሸበት እንግዳ ታሳድራላችሁ ወይ ነው የሚለው» የሚል ድምፅ ወጣ። ገመዳ ነበር።

ቤቱ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። ጋሽ ታዬ ልምጫቸውን ይዘው «ማነው?» እያሉ ገቡ፣ ትንሽ ቆመው ሰሙ፣ ከዚያ ልምጩን ግድግዳው ላይ አስደግፈው እሳቸውም ተቀመጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ገመዳ በነፃ ገቢ ሆነ፣ ያ ካርቱንም ቅዳሜ ቅዳሜ የማይቀር ሆነ። ወንድማማቾቹ ከአንድ ጉድጓድ የተበላሸ ውሃ ጠጥተው እሾህ ያበቀሉ ናቸው አለን። ጉድጓዱን ፊልሙ ላይ አላየነውም፣ ግን አመንነው። ክፉውን ሰውዬ ከላያቸው ድልድዩን ሊሸጥ የሚዞር ደላላ አደረገው። ገደል አፋፍ ላይ የተንጠለጠለ መኪና በእሾሃቸው ወግተው ሲያወጡና ተሳፋሪው አይቷቸው ሲበተን፣ ወፍራሟን ሴትዮ «ነፍሳችንን ስላተረፋችሁ እግዜር ይስጥልን፣ ከኛ ጋር ግን አትሳፈሩ» አስባላት። እናትየው በሩቅ ስትጣራ በኦሮምኛ «ኮቱ!»፣ ና ማለት ነው፣ ብሎ ይጣራል፤ ያን ጊዜ ኦሮሞውም አማራውም ጉራጌውም እኩል ይስቃል። ውስጥ ሳለን «ገመዳ፣ ተርጉም!» ነው። ወጥተን ፀሐዩ ዓይናችንን ሲወጋን ደግሞ ያው ዝገት ነው። እሾሃሞቹን የሚወዱ ልጆች ናቸው እንግዲህ።

ችግሩ ካሴቱ መጨረሻ አልነበረውም። ነጭ የለበሰ ሐኪም ብቅ ይልና ለታላቅየው አንድ ብልቃጥ ይሰጠዋል፤ ታላቅየው ብልቃጡን ተቀብሎ፣ ወንድሞቹን አየት አድርጎ፣ ክዳኑን ከፍቶ ከፍ ሲያደርገው ስክሪኑ ነጭ ነጠብጣብ ብቻ፣ በረዶ ይሆናል። ቀሪውን ዴኩ በልቶታል። ያን ጊዜ በዚያ የ«ሽሽሽ» ድምፅ ላይ የገመዳ ድምፅ ብቻውን ይቀራል፦ «ይጠጣዋል። እሾሁ ይረግፋል። ከዚያ የከተማው ሰው ወጥቶ ‹ለካስ ልጆቻችን ናችሁ› ብሎ ይወስዳቸዋል።» እዚህ ላይ አይቀልድም። በየሳምንቱ ያንኑ ቃል ነው የሚለው፣ እኛም በየሳምንቱ ፀጥ ብለን ነው የምንሰማው። ሌላውን ሁሉ እንደፈጠረው ያውቅ ነበር፤ ይህን ግን እየደጋገመ ሲለው የእውነት መጨረሻው መሰለው።

ትምህርት ቤት የሚኒ ሚዲያ ኃላፊዋ ቲቸር አልማዝ ልጆቹ «ከኛ ጋር ግን አትሳፈሩ» እየተባባሉ ሲስቁ ሰማችና የማን ቀልድ እንደሆነ ጠየቀች። ሁሉም ወደ ገመዳ ጠቆመ። ጠርታ ለወላጆች ቀን መድረክ ላይ ቀልድ እንደሚያቀርብ ነገረችው። እምቢ ይላል ብዬ ነበር። እሱ ግን ቤት ድረስ ከፊቴ ከፊቴ እየሄደ መጣና በር ላይ ቆሞ «በብርሃን ሊያዩኝ ነው» አለኝ። ፊቱ ላይ ፍርሃትና ደስታ እኩል ነበር። ሲተረጉም የወደዱት ልጆች መድረክ ላይም ከወደዱት፣ ከዚያ ወዲያ ማን ዝገት ይለዋል? ለእሱ የዓለም ነገር ሁሉ በዚያ ቀን ላይ ተንጠለጠለ።

እናታችን የሆቴል አንሶላ ታጥብ ነበር። ቡና የፈሰሰበት፣ ሻይ የተደፋበት አንሶላ በረኪና ውስጥ አድሮ እንደ አዲስ ነጭ ሆኖ ሲወጣ ስናይ ነው ያደግነው። ቡናማን የሚያነጣ ነገር እቤታችን ተቀምጦ እንዴት ሳናስበው ቀረን አለኝ ገመዳ፣ በራሱ ሞኝነት እየተገረመ። አባቴ በር ለማለስለስ ካመጣው ብርጭቆ ወረቀት ቀደደና ከሰዓት በኋላ ከቤት ጀርባ ተቀምጦ ጥርሱን ይፈገፍግ ጀመር፤ ከዚያ ከበረኪናው ብልቃጥ ተጎንጭቶ፣ እንባው በጉንጩ እየወረደ፣ አፉ ውስጥ ያቆየዋል። «እኔንም» አልኩት። ብልቃጡን ከኋላው ደበቀው። «መጀመሪያ እኔ ልየው። ከሰራ አንተንም አነጣሃለሁ» አለኝ።

በወላጆች ቀን ማለዳ ላይ፣ ቸኩሎ ነው መሰለኝ፣ ከወትሮው የበለጠ በረኪና ተጎነጨ፤ ጥቂቱንም ውጦታል። ከቤት ሲወጣ አፉን በፎጣ ሸፍኖ ነበር፤ እናቴን ብርድ ነው ብሎ አታለላት። የአዳማን ብርድ አስቡት። ሜዳው በወላጅ ተሞልቷል፣ ጋሽ ታዬ ሳይቀሩ ኮት ለብሰው መጥተዋል፣ የቪዲዮ ቤት ልጆች ከፊት ሳሩ ላይ ተደርድረዋል። ቲቸር አልማዝ ስሙን በማይክ ስትጠራ ልጆቹ «ገመዳ! ገመዳ!» እያሉ አጨበጨቡ፤ ዝገት ያለ አልነበረም። ወጣ። ፎጣውን አወረደ። አፉን ሲከፍት የወጣው ቃል አልነበረም፤ ያበጠ ምላስ የሚያወጣው እርጥብ የሆነ ድምፅ ነበር። ልጆቹ ቀልዱ የተጀመረ መስሏቸው ሳቁ። በክፋት አይደለም፤ ከልባቸው፣ በፍቅር፣ እንደዚያ ስቀውለት አያውቁም። እሱ እንደገና ሞከረ፤ እነሱ ሆዳቸውን ይዘው ተንከባለሉ። ነጩ ሸሚዙ ላይ ደም ሲታይ ነው ሜዳው ፀጥ ያለው።

ጤና ጣቢያ የነበረው ሐኪም ለእናቴ የጥርሳችን ቡናማነት ቆሻሻ እንዳልሆነ፣ ያደግንበት ውሃ ጥርሱ ገና ድድ ውስጥ ሳለ እንዳበላሸው፣ እንኳን በረኪና ምንም እንደማያጥበው ነገራት። እናቴ ስሚንቶው ላይ ተቀመጠች። ያን ሁሉ ማለዳ መፋቂያ ያስያዘችንን እያሰበች እንደሆነ ገብቶኛል። ከዚያ ወዲያ በረኪና ቤት አላስገባችም፤ አንሶላው ሲወይብ ሆቴሉ አሰናበታትና ቅቅል ድንች መሸጥ ጀመረች። የገመዳ የፊት ጥርሶች አንድ በአንድ እየተሸረፉ ወደቁ። ጉሮሮውም አልዳነም፤ ድምፁ እንደ ወንፊት ሆነ። ልጆቹ በጠራራ ፀሐይ በራችን ድረስ እየመጡ «ገመዳ፣ ና ተርጉም» ይሉት ነበር፤ ጋሽ ታዬም አንድ ቀን ባርኔጣቸውን አውልቀው መጥተው ለመኑት። የፈለገው ሁሉ በሩ ድረስ መጥቶለት ነበር። እሱ ግን ግድግዳ ዞሮ ተኛ። ትምህርቱን ትቶ ወለንጪቲ አጎታችን ዘንድ ሄደና ጤፍ እያረሰ ያንኑ ውሃ ሲጠጣ ኖረ። ስሄድ እጠይቀው ነበር፤ አንድ ሁለት ቃል ይለኛል፣ ያቺንም እጁን አፉ ላይ አድርጎ።

በኋላ ወገቡ ደረቀ፤ ስጠራው ከነሙሉ ሰውነቱ መዞር ጀመረ። ባለፈው ክረምት አረፈ፤ እዚያው ወለንጪቲ ቀበርነው። ለቅሶው ላይ ከቪዲዮ ቤት ልጆች አንዱ፣ ዛሬ ባጃጅ ነጂና የልጆች አባት ነው፣ ድንኳን ውስጥ ቀስ ብሎ «ነፍሳችንን ስላተረፋችሁ እግዜር ይስጥልን» ሲል ሌላው «ከኛ ጋር ግን አትሳፈሩ» ብሎ ጨረሰለትና ድንኳኑ ሁሉ ሳቀ። እናቴም በነጠላዋ አፏን ይዛ ሳቀች፣ ወዲያው አለቀሰች። «ጥርስ ባዳ ነው» አሉ አጠገቧ የነበሩ አሮጊት። ሰው አዝኖ ሳለ ጥርሱ ይስቃል፤ የሐዘኑ ዘመድ አይደለም ማለታቸው ነው።

እና እሁድ ዕለት ከልጄ አጠገብ ቁጭ ብዬ ሳይ ያ ሐኪም ብቅ አለ። ብልቃጡን ሰጠው። ታላቅየው ወንድሞቹን አየ፣ ክዳኑን ከፈተ፣ ከፍ አደረገ። እዚህ ላይ በረዶ ጠበቅሁ። በረዶ የለም። ታላቅየው ብልቃጡን ዘቅዝቆ መሬት ላይ አንጠፈጠፈው፣ ሐኪሙ ጭንቅላቱን ያዘ፣ ታላቅየው አንድ ነገር ተናገረ፣ ከድልድዩ በላይ የቆመው ሕዝብ አጨበጨበ። ከነእሾሃቸው ተሸከሟቸው፤ የተሸከማቸው ሁሉ እየተወጋ «ዋይ!» ይላል። ልጄ በሳቅ ፈነዳች። የአዳማ የቧንቧ ውሃ ልጅ ናት፣ ጥርሷ አንድ እንከን የለውም።

«ምን አለ?» አልኳት፤ እንግሊዝኛውን ከትምህርት ቤት ለምዳዋለች።

«‹እንዲሁ ብትወዱን አይበቃም?› ነው ያለው። ደፋው እኮ አባዬ፣ አላየህም?»

እንደገና እንድታሳየኝ ለመንኳት። አሳየችኝ። ደፋው። አሁንም አልኳት፣ አሁንም ደፋው። ሳቅ መጣብኝ፤ እጄ እንደ ልማዱ ወደ አፌ ሲሄድ መለስኩትና አፌን ከፍቼ ሳቅሁ፣ እንባዬ አገጬ ላይ እስኪወርድ። ይህ የበለዘ ጥርሴ አንድም ሳይጎድል እስከ ዛሬ አፌ ውስጥ ያለው፣ መጀመሪያ እኔ ልየው ያለ ወንድም ስለነበረኝ ነው።

«አባዬ፣ እያለቀስክ ምን ያስቅሃል?» አለችኝ ልጄ ደንግጣ።

«ጥርስ ባዳ ነው» አልኳት።

«ምን ማለት ነው?»

የሚተረጉምላት ሰው ወለንጪቲ ነው ያለው።