የእናቴ መኪና ፊደል

እናቴ ታይፒስት ነበረች። መሥሪያ ቤቷ ኮምፒዩተር ሲያስገባ አሮጌዎቹን የጽሕፈት መኪናዎች በጨረታ ሸጠ፤ እሷም ጡረታ ስትወጣ የራሷን ገዝታ ገርጂ ቤታችን አመጣችው። ቅዳሜ ቅዳሜ ቤንዚን በነካ የጥርስ ብሩሽ ፊደሎቹን ትፈትጋለች፣ የ«መ»ን ዓይኖች በመርፌ ትጠርጋለች፣ ከዚያ ጨርቁን መልሳ ታለብሰዋለች። የምትጽፍበት ጉዳይ ግን አልነበራትም።

እኔ ያን ጊዜ ወሎ ሰፈር አንድ ማተሚያ ቤት ዲዛይን እሠራ ነበር። የካሴቱ ሽፋን ሁሉ አበባ፣ የሠርጉ ካርድ ሁሉ ርግብና ወርቅማ ፊደል ሆኖ አንገሽግሾኝ ነበር። አንድ ቀን እናቴ ገበያ ስትወጣ ፊደሉን ከ«ሀ» እስከ «ፐ» በመኪናዋ መታሁና ወደ ኮምፒዩተር አስገባሁት። ከዚያ ማበላሸት ጀመርኩ። ጠርዙን ሸረፍኩ፣ ዓይኑን በቀለም ደፈንኩ፣ አንዱን ከፍ አንዱን ዝቅ አደረግሁ። የድሮ መዝገብ ቤት ወረቀት መሰለ። መጀመሪያ ለካሴት ሽፋን ዋለ፣ ቀጥሎ ቦሌ መንገድ ላይ ላለ ካፌ ሜኑ። እህቴ ስታገባ «የእኔም ካርድ በዚህ ይሁን» አለች።

ካርዱ ታትሞ ሲመጣ እናቴ መነጽሯን አደረገች።

«ይሄ የእኔ መኪና ነው። ማነው እንዲህ ያቆሸሸው?»

«እኔ ነኝ እማዬ። ሆን ብዬ ነው፣ ፋሽን ነው።»

«ዕድሜዬን ሙሉ ሳጸዳው የኖርኩትን አንቺ እየተከፈለሽ ታቆሽሺዋለሽ?»

እኔና እህቴ ሳቅን። እሷ አልሳቀችም።

«ለጎረቤት አድሉት። የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ ግን እጄን ያውቁታል፤ ይሄን ይዤ ብሄድ አበቃላት ይሉኛል። የእነሱን እኔው እመታዋለሁ።»

ተናደድኩ። የለፋሁበትን ሥራ ሰው ሲንቅብኝ አልወድም፤ እልኸኛ ነኝ፣ ከማን እንደወረስኩት ደግሞ ግልጽ ነው። ባዶ ካርዶች አምጥቼ ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረግሁላትና ጓዳ ገባሁ።

ልጅ ሆኜ ሥራ ቦታዋ ስሄድ የእናቴ መኪና ድምፅ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ ነበር። አሁን ግን አንድ ይመታል፣ ይቆማል፣ ደግሞ አንድ። ወረቀት ሲቀደድ ሰማሁ፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ሌላ። አላስችል ሲለኝ ወጣሁ።

ሦስተኛውን ካርድ አውጥታ እኔ ከሠራሁት ካርድ ጎን አስቀምጣዋለች። በትንሿ ጣቷ የመታቻቸው ፊደሎች ደብዝዘዋል፣ አንዱ ወጥቶ ሌላው ወርዷል፣ የእህቴ ስም መሐል ላይ ተደራርቧል። ሁለቱን ካርዶች ለመለየት እኔም ተቸገርኩ።

«የቀለሙ ሪባን ደርቆ ነው» አልኳት።

«ሪባኑን ትናንት ነው የቀየርኩት።»

ጣቶቿን አንድ ባንድ አሸት አሸት አደረገች። ከዚያ መነጽሯን አውልቃ እጇን ዘረጋችልኝ።

«ያንቺን ስጪኝ» አለች። «ያንቺው ቢያንስ ሆን ተብሎ ነው።»