የእማማ ካውያ አስታማሚ

እማማ ካውያ ዕድሜያቸውን የፈጁት ቆመው ነው። ገና በኮረዳነታቸው ከአገራቸው ወጥተው በዚያች ባዕድ ከተማ በአንድ የልብስ ንጽሕና መስጫ ቤት ተቀጠሩ፤ ጠጉራቸውም የሰው ሸሚዝ ሲተኩሱ ሸበተ። ቅጽል ስሙን ያወጡላቸው አብረዋቸው የሚሠሩት ሴቶች ናቸው። ገሚሶቹ «ሲቆጡ ስለሚያቃጥሉ ነው» ይላሉ፤ ገሚሶቹ ደግሞ «የነኩት ሁሉ ቀጥ ስለሚል ነው» ይላሉ። እሳቸው ሁለቱንም አልጠሉትም። ሥራቸውን ሁልጊዜ ከኮሌታው ይጀምራሉ፤ ውሃውን በጣታቸው ጫፍ ረጨት ረጨት ያደርጉና የካውያውን ሙቀት ወደ ጉንጫቸው አስጠግተው ይለካሉ። ደንበኛ በሩን ገፋ ሲያደርግ፣ ለአፍታ በርጩማቸው ላይ አረፍ ብለው ቢሆን እንኳ፣ ብድግ ነው። ባለቤቱ፣ «ኧረ እማማ፣ ልብስ ሊወስድ የመጣ ጎረምሳ ነው፤ ይቀመጡ» ሲላቸው፣ «እናቴ እንዲህ አድርጋ ነው ያሳደገችኝ፤ በእርጅናዬ ልባልግልህ?» ይሉት ነበር።

አንድ ልጅ ነበራቸው፤ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ። እሱም የዚያችን ከተማ ተወላጅ፣ መጋረጃ ሰፊ የሆነች ዝምተኛ ሴት አግብቶ ወደ ቤት መጣ። አማትና ምራት መጀመሪያ ላይ እሳትና ጭድ ነበሩ። ምራቲቱ ተኩሳ የሰቀለችውን መጋረጃ እማማ አውርደው እንደገና ይተኩሱታል፤ እሷም ሆን ብላ ጨምድዳ መልሳ ትሰቅለዋለች። ልጁ በመካከላቸው እየሳቀ ኖረ፤ ከዚያ ታመመ፤ ከዚያም ሞተ። ሐዘኑ በረድ ሲል እማማ፣

«በይ እንግዲህ፣ ገና ልጅ ነሽ፤ ወደ ዘመዶችሽ ሂጂ» አሏት።

«ሄጄስ መጋረጃዬን ማን ሊያበላሽልኝ ነው?» አለቻቸው።

ሁለቱም ሳቁ፤ ወዲያው ደግሞ ተቃቅፈው አለቀሱ። ከዚያ ወዲህ የመሄድ ነገር በዚያ ቤት ተነሥቶ አያውቅም።

ጦርነት ወደ ከተማዋ ሲገባ በመጀመሪያ የጠፋው ሸሚዝ የሚያስተኩስ ሰው ነው። ቀጥሎ መብራቱ ጠፋ፤ ቀጥሎም የልብስ ንጽሕና መስጫው ራሱ ነደደ። የቤታቸው መስኮት ሲረግፍ ሁለቱ ሴቶች ፍራሻቸውን ጠቅልለው ወደ ሕንፃው ምድር ቤት ወረዱ። የምራቲቱ ዘመዶች አንዳንዶቹ ተሰደዋል፤ የቀሩት የት እንደገቡ የሚያውቅ የለም። ታዲያ በዚህ መካከል የእማማ አገር መንግሥት ዜጎቹን የሚያወጣ አውሮፕላን መላኩ በሬዲዮ ተነገረ። ምራቲቱ ያረጀውን ፓስፖርት ከሣጥን አውጥታ በቀሚሷ ጠርዝ ጠራረገችው።

«እማማ፣ ወጡ እኮ!»

«ወጣን በዪ እንጂ» አሉ እማማ።

በማግስቱ እሷው ብቻዋን ሄዳ ጠየቀች። የእማማ አገር ቆንስላ ሰዎች በአንድ ትምህርት ቤት የስፖርት አዳራሽ ውስጥ ሰፍረው ነበር፤ ደንቡም በር ላይ ተለጥፏል። የሚሳፈሩት ዜጎች ናቸው፤ የዜጋ ባል ወይም ሚስት፣ ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆችም ይሄዳሉ። ራሱን ችሎ መንቀሳቀስ ለማይችል ሕመምተኛ ደግሞ አንድ አስታማሚ ይፈቀዳል፤ አስታማሚው የየትም አገር ሰው ቢሆን ግድ የለም።

«ምራት የሚል የለውም» አለች ስትመለስ፣ መሀረቧን ከራሷ እየፈታች። «ባልሽ በሕይወት ቢኖር ትሄጂ ነበር አሉኝ።»

«እንዴ! ልጄ ሲሞት ምራቴም አብራ ሞተች ማለት ነው?»

«እኔ ምን አውቄ እማማ፤ ወረቀቱ ነው እንዲያ የሚለው።»

በምድር ቤቱ ከመጋረጃ ወዲያ የሚኖረው ጎረቤታቸው ጫማ ሰፊው ይህን ሁሉ ሲሰማ ኖሮ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«እትዬ፣ የሟች ባለቤቴ ዊልቸር እዚሁ አለ። ከዛሬ ጀምሮ ሽባ ነዎት።»

«ጠላትህ ሽባ ይሁን!» አሉ እማማ ቱግ ብለው። «ይህን ሁሉ ዘመን ቆሜ ኖሬ፣ አሁን በውሸት ልሽመድመድልህ?»

ከዚያ ግን ወደ ምራታቸው ዞር አሉ። ምራቲቱ ጥግ ላይ ተቀምጣ የክር ጫፍ በጣቷ ትጠቀልላለች፤ ቀና አላለችም። እማማ ይህን አይተው፣

«እስቲ አምጣው ያንን ወንበር» አሉ።

ልምምዱ ተጀመረ። ጫማ ሰፊው ሐኪም ሆኖ፣ «ስቆነጥጥዎ ዋይ እንዳይሉ!» ይላል። እማማ፣ «አንተ ባለጌ፣ እጅህን ከባቴ ላይ አንሣ!» ይላሉ። «አይ እትዬ፣ እንዲህ ከሆነማ ገና ሐኪሙን በጥፊ ይሉታል!» ምድር ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ባት ቢቆነጠጥ፣ ጉልበት ቢመታ፣ ድንገት ቢጮህባቸው እንኳ ንቅንቅ እንዳይሉ ተለማመዱ። ያልተለማመዱት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱም ለማንም ትዝ አላለውም።

ምራቲቱ እማማን በዊልቸር እየገፋች ስትገባ የስፖርት አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። የቆንስላው ሰው ቀጭን፣ ድምፁ የሰለለ፣ መነጽሩ በክር የታሰረ ጎልማሳ ነበር። አጠገቡ የተቀመጠችው ሐኪም የእማማን ጉልበት መታ መታ አደረገች፤ እግሩ ድንጋይ ሆነ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው እማማ?»

«ልጄ ከሞተ ወዲህ» አሉ፤ ይህን ሲሉ የዋሹ አልመሰላቸውም።

ሐኪሟ ለሰውየው ራሷን ነቀነቀችለት። ሰውየው የምራቲቱን መታወቂያ ተቀብሎ «አስታማሚ» ከሚለው ቃል አጠገብ ጻፈ፤ ከዚያ ማኅተሙን አንሥቶ ቀለሙ ላይ ጫን አደረገው።

ልክ ያን ጊዜ የጎን በሩ ተከፈተና አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን ተደግፈው እያለከለኩ ገቡ። ዓይናቸውን ወዲያና ወዲህ አንከራተቱ፤ ባዶ ወንበር የለም።

እማማ ካውያ ብድግ አሉ።

«ኖር! ኖር! ይቀመጡ አባቴ» አሉ፣ ዊልቸሩን በእጃቸው እያመለከቱ።

«በእግዜር፣ በእግዜር! አይነሡ እመቤቴ» አሉ ሽማግሌው፤ ነገር ግን ከዘራቸውን ወደ ጎን አድርገው ተቀመጡ።

እማማ ያደረጉትን የተረዱት የምራታቸውን እጆች ሲያዩ ነው፤ እጆቿ የዊልቸሩን እጀታ አሁንም እንደያዙ ናቸው፤ ከሥራቸው ያለው ግን የሌላ ሰው ራስ ነው። ከኋላ አንድ ሰው ሳቁ አመለጠው። ከሰልፉም አንዲት ሴት ጮኸች።

«የኔ እናት ከአልጋዋ መነሣት አቅቷት ቤት ተኝታለች! እኔ እዚህ ተራ ስጠብቅ እናንተ ቲያትር ትሠራላችሁ?»

ሌላ ጊዜ ቱግ የሚሉት እማማ ካውያ አንገታቸውን ደፉ። ሴትዮዋ ያለችው ሁሉ ትክክል ነው።

ሰውየው ማኅተሙን ሳይመታ አስቀመጠና መነጽሩን አወለቀ። «እማማ፣ እኔ ብቻዬን አይቼው ቢሆን ኖሮ...» አለና ተወው።

«እሷን ውሰዷት፤ እኔ ልቅር። ቦታዬን ልልቀቅላት» አሉት።

«ይሄ እንደ ወንበር የሚለቀቅ ቦታ አይደለም። በእርስዎ ስም ነው፤ ካልሄዱበት ለሚቀጥለው ዜጋ ይሰጣል እንጂ ለሷ አይሆንም።»

«እንግዲያው ለፈለጋችሁት ስጡት!»

ምራቲቱ እጀታውን ለቀቀችና ፊት ለፊታቸው መጥታ ቆመች።

«እማማ፣ ይሳፈሩ።»

«አልሳፈርም። እኔው አጥፍቼሽ፣ እኔው ልሂድ?»

«ምን አጠፉ? ሽማግሌ ተቀበሉ እንጂ።» የነጠላቸውን ጫፍ አስተካከለችላቸው። «ይስሙኝ። ብቻዬን ከሆንኩ በእግሬም ቢሆን ወደ ድንበሩ እሄዳለሁ። እርስዎ ካሉ ግን ጥዬዎት አልሄድም፤ ይዤዎትም አልደርስም። እባክዎ ይሳፈሩልኝ።»

ይህን ያለችው እውነቷን ይሁን ወይስ እሳቸው እንዲሳፈሩላት ብላ፣ እማማ እስከ ዛሬ አያውቁም። ያን ጊዜ ግን ዓይኗን አይተው አመኗት፤ ወይም ማመን ፈለጉ።

አውቶቡሱ ግቢው ውስጥ ሞተሩን አስነሥቶ ይጠብቅ ነበር። መለያየቱ አጭር ሆነ፤ ከኋላ የሚገፋ ሰው ስላለ በወጉ እንኳ አልተሳሳሙም። ሰውየው በአውቶቡሱ ደረጃ ላይ ቆሞ የተሳፋሪዎቹን ቅጽ ያሟላል። እማማ ዘንድ ሲደርስ ቀና ብሎ አላያቸውም።

«የቅርብ ዘመድ ማን ብዬ ልጻፍ?»

«ምራቴን።»

እስክሪብቶው ለአፍታ ቆመ፤ ከዚያ ጻፈ።

«አድራሻዋ?»

«ከድሮው ገበያ ጀርባ፣ መስኮቱ የረገፈው ሕንፃ ነው፤ ታችኛው ቤት» አሉት እማማ፣ ቀስ እያሉ፣ አንድም ቃል እንዳያመልጠው። «ደረጃው ላይ መብራት የለም፤ ግድግዳውን እየዳሰሱ ነው የሚወረደው። ደግሞ ዝም ብሎ ማንኳኳት አይሆንም፤ በስሟ ይጥሯት፤ ያለዚያ ፈርታ አትከፍትም።»

ሰውየው ያሉትን ሁሉ ጻፈ።