«ዕድል» ብዬ የጻፍኩባት ወረቀት

ሶዶ ስምንተኛ ክፍል ስማር የእንግሊዝኛ መምህራችን ከአንድ የታወቀ የሐዘን ተውኔት የተመረጡ አባባሎችን በስቴንስል አባዝተው አደሉን። አንዷን የሚናገራት በደሉን ደብቆ የኖረ ንጉሥ ነው። ልጁ ሲሞትበት፣ የገደለው በሽታው ሳይሆን የእኔ ዝምታ ነው ይላል።

መምህሩ «ምን ማለቱ ነው?» አሉ። እጄን አወጣሁና «ጎሜ ነው!» አልኩ። እኛ ወላይታዎች ጎሜ የምንለው፣ አባት የሠራውን በደል በሰው ፊት እስኪናዘዝ ድረስ በልጆቹ ላይ የሚወርደውን መዘዝ ነው። ትምህርት ቤት ውስጥ ወላይትኛ መናገር ክልክል ስለነበር መዳፌን በማስመሪያ መቱኝ።

«ዕድል ነው በይ! ከዕድል ማንም አያመልጥም።»

እልኸኛ ነበርኩ፤ አላልኩም። አጠገቤ የተቀመጠችው የሹም ልጅ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ብላ ጎሸመችኝ።

በዚያ ሰሞን ታናሽ ወንድሜ ኦቶና ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። ከሰዓት በኋላ አባቴን እንሰት ሲኮተኩት አገኘሁትና ለምን እንደተመታሁ ነገርኩት። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ስለሆነ፣ ጎሜ ያለፈ ነገር ነው፣ እኛ ጌታን ተቀብለናል ብሎ የሚቆጣኝ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን መኮትኮቱን ተወ።

«ንጉሡ ቀድሞ ቢናገር ልጁ ይተርፍ ነበር?»

«ወረቀቱ ላይ አልተጻፈም፣ አባ።»

እጁን እንኳ ሳይታጠብ ወደ አጎቴ ቤት ሄደ፤ ተከተልኩት። ሁለቱ ወንድማማቾች በድንበር ተጣልተው ከተኮራረፉ ዓመታት አልፈው ነበር። አባቴ ጎረቤቱን አስጠርቶ፣ የወንድሙን መሬት በሐሰት ምሎ የወሰደው እሱ ራሱ እንደሆነ በሁሉም ፊት ተናገረ። እኔም የሰማሁት ያን ቀን ነው። አፈርኩበትም፣ ኮራሁበትም።

ወንድሜ በሦስተኛው ቀን ሞተ። ለቅሶው ላይ አባቴን ደግፎ ያቆመው አጎቴ ነበር። አባቴ «ዘገየሁ፣ ዘገየሁ» ይል ነበር።

የዓመቱ መጨረሻ ፈተና ላይ ያቺው አባባል መጣች። ለረጅም ጊዜ አፍጥጬ አየኋት። መውደቅ ፈራሁና፣ ያቺ እልኸኛ፣ «ዕድል ነው፤ ከዕድል ማንም አያመልጥም» ብዬ ጻፍኩ።

ሙሉ ማርክ አገኘሁ። ወረቀቱን ለአባቴ አላሳየሁትም።