ለሚዜዬ መኪና የሰፋሁት ጣሪያ

ከጉደር እስከ ጊንጪ ባለው መንገድ የኔ እጅ ያልነካው ሸራ የለም ብል ማንም አይከራከረኝም። መስፋት ያስተማረኝ ሰው የለም። በወጣትነቴ የወንጪ ፈረሰኞች የተቀደደ ኮርቻ ሲጥሉ እያነሳሁ ፈታሁ፤ የፈታሁትን መልሼ ሰፋሁ፤ በዚያው ገባሁበት። ቀጥሎ የጋሪ ልብስ ሠራሁ። ባጃጅ ጋሪን ከአምቦ አስፋልት ካባረረው ወዲህ ደግሞ የባጃጅ ሸራ እሰፋለሁ። ሌላው የሰፋው ክረምት ሳይደግም ይተረተራል፤ የኔ ባጃጁ ዝጎ ቢጣል እንኳ እሱ ይቀራል። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም ብዬ አልዋሽም።

ሚዜዬ ከአባቱ የወረሳት፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ ቀይ የጣልያን መኪና ነበረችው። ሚዜዬ የምለው በሠርጌ ቀን ከጎኔ የቆመውን፣ ከዚያም ወዲህ በለቅሶም በደስታም ያልተለየኝን ሰው ነው። የመኪናዋ ጣሪያ የሚታጠፍ ሸራ ነው፤ ብራ ሲሆን ወደ ኋላ ሰብስበህ ነፋስ እየተቀበልክ ትነዳለህ፣ ዝናብ ሲመጣ ትዘረጋዋለህ። በድሮው ሊብሬዋ ላይ አምቦ ገና ሀገረ ሕይወት ነው የምትባለው። ሞተሯን አስጠግኗል፤ ጣሪያውን ግን ፀሐይና አይጥ ተባብረው ቡትቶ አድርገውታል።

ልጁን ሊድር ሽር ጉድ ሲል አንድ ቀን ሱቄ መጣ። ሙሽሮቹ በዚያች መኪና እንዲሄዱ ፈልጓል።

«አዲስ አበባ ወሰድኳት፤ ከውጭ ካልመጣ አይሆንም አሉኝ» አለኝ።

«ማነው አይሆንም ያለህ?»

«ባለሙያዎቹ ናቸዋ።»

«ባለሙያው እኔ ነኝ። አምጣት።»

«ሚዜ፣ ይቺ እኮ ባጃጅ አይደለችም።»

«ባጃጅ የመጣ ጊዜም ይሄ ጋሪ አይደለም ብለውኝ ነበር።»

ሳቀ። ካንተ ዋጋ አልቀበልም አልኩት። አንድ ነገር ብቻ ለመንኩት፤ በሠርጉ ቀን፣ በሰው ፊት፣ ይህን የሠራው ሚዜዬ ነው ብሎ ስሜን እንዲጠራ። «ይሄም ልመና ሆኖ? ድንኳን መሀል አቁሜ ነው የማስጨበጭብልህ!» አለ። ዕድሜ ልኬን ሰው ሸራዬ ሥር ተቀምጦ ሲሄድ ማን ሰፋው ብሎ የጠየቀ አላየሁም። ስለዚህ ቃሉን እንደ ትልቅ ነገር ያዝኩት።

አሮጌውን ጣሪያ ስፌቱን በምላጭ እየተረተርኩ ፈትቼ ልኩን አወጣሁ። አዲሱን ወፍራም ሸራ ግን ወዲያው አልቆረጥኩም። ሸራ ውሃ ሲነካው ይሰበሰባል። ለጋሪ ቢሰበሰብ ግድ የለም፤ እዚህ ግን ጣት ታህል ብታጥር ከፊት መስታወቱ ጋር አይገጥምም። ስለዚህ ከፍልውሃው በሚወርደው ትኩስ ውሃ ነከርኩት፤ የሚሰበሰበውን ሁሉ እዚያው ተሰብስቦ ይጨርስ ብዬ። ይህን ዘዴ ማንም አልነገረኝም።

የገጠምነው በሚዜዬ ግቢ ነው። እሱ በአንድ ጎን ያዘ፣ እኔ በሌላው።

«ሳብ!»

«ይቀደዳል!»

«የኔ ስፌት? ሳብ እንጂ ሰውዬ!»

የፊቱ መቆለፊያ ቀጭ ብሎ ሲገባ ሸራው እንደ ከበሮ ተወጠረ። እቅፌ ላይ ያደገችው ልጁ፣ የወደፊቷ ሙሽራ፣ በባልዲ ውሃ አምጥታ አናቱ ላይ ደፋችበት። ሚዜዬ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። «ጠብ አላለም!» ብሎ ጮኸ፤ ወጥቶም አንገቴን አቅፎ ሳመኝ።

ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ዋለ። ሱፍ ልብሴን ለብሼ ሄድኩ። መኪናዋ ጣሪያዋ ተሰብስቦ፣ አበባ ተጎዝጉዞላት ከድንኳኑ ደጃፍ ቆማለች። የሙሽራው አባት፣ የአዲስ አበባ ሰው፣ እየዞረ ስፌቱን በጣቱ ይዳስሳል።

«ይህን የመሰለ ሥራ የማን እጅ ነው?» አለ።

ኮቴን ቆለፍኩ። ሚዜዬ አጠገቤ ነው፤ ትከሻችን ይነካካል።

«አዲስ አበባ ነው ያሠራሁት» አለ። «ከጣልያኖች የተማረ አንድ ሽማግሌ አለ።»

የሙሽራው አባት ወደኔ ዞረ። «አዩልኝ አባቴ? ሙያ ማለት ይሄ ነው።»

«አየሁ» አልኩ።

ከጣልያኖች የተማረ! ማንም ሳያስተምረው የሠራውን እጄን ወስዶ አስተማሪ አበጀለት።

ሚዜዬ ድንኳን ውስጥ ንግግር ሲጀምር፣ አሁን ያርመዋል ብዬ ጠበቅሁ። አብሳዮቹን አመሰገነ፣ ድንኳን ተካዮቹን አመሰገነ፣ ካሜራ ማኑን እንኳ አልረሳም። ከዚያ ተቀመጠ።

ሙሽሮቹ መኪናዋ ውስጥ እንደገቡ ማካፋት ጀመረ። ወጣቶቹ ጣሪያውን ቢታገሉት አልዘረጋ አለ። ሚዜዬ በዓይኑ ፈልጎ አገኘኝና «እስቲ ዝጋላቸው» አለኝ፣ ቀስ ብሎ። የልጅቷ ቬሎ እየረጠበ ባይሆን ንቅንቅ አልልም ነበር። መካከለኛውን ብረት በመዳፌ ደግፌ ሳብኩት፤ ቀጭ አለ።

«እኚህ ያውቁበታል እንዴ?» አለ የሙሽራው አባት።

«ድሮ የጋሪ ልብስ ይሰፉ ነበር» አለ ሚዜዬ።

ሙሽራዋ አባቷን አየች፤ እኔን አየች፤ ከዚያ አቀርቅራ አበባዋን ታስተካክል ጀመር። ባልዲው ትዝ ሳይላት አይቀርም።

ከሠርጉ በኋላ ሚዜዬ ሱቄ መጣ። ባጃጆቹ መሀል ቆሞ የመኪናውን ቁልፍ በጣቱ ያሽከረክራል።

«ተቀየምከኝ አይደል? ምን ላድርግ ሚዜ፣ የባጃጅ ሸራ ሰፊ ሠራልኝ ብል ልጄን ይንቁብኛል።»

«መኪናዋን ናቋት?»

ወሬውን ቀይሮ የመጣበትን ተናገረ። የሙሽራው አባትም ጣሪያዋ የተበላሸ አሮጌ መኪና አለችው፤ ያንን ባለሙያ ካላገናኘኸኝ ብሎ ወጥሮ ይዞታል።

«መኪናዋን እኔ ግቢ አመጣታለሁ፤ አንተ ትገጥማለህ፣ እኔ እመልስለታለሁ። እሱ መምጣት አያስፈልገውም።»

«ይምጣ እንጂ። እዚህ ሱቄ ደጃፍ ይምጣና ስሜን ጠርቶ ይጠይቀኝ። በነፃ እሠራለታለሁ።»

«ምን ብዬ? ዋሽቼህ ነበር ልበለው?»

«አዎ።»

ቁልፉን ኪሱ ከተተ። ከዚያ ወዲህ እግሩ ሱቄን አልረገጠም።

መኪናዋ ግን በፊቴ ታልፋለች። ሚዜዬ ጥሩምባ ይነፋል።

«ኦቦ፣ ሚዜዎ ሰላም እያሉዎት እኮ ነው!» ይለኛል ሸራ የሚያስጠግን ባጃጅ ነጂ።

«ሰማሁ» እላለሁ፣ ከስፌቴ ቀና ሳልል።

ጆሮዬ ግን ሳላዘው ይከተላታል። በደንብ ያልተወጠረ ሸራ መኪናው ሲፈጥን ይርገበገባል፤ ከሩቅ ይሰማል። ከሱቄ ወዲያ ያለውን ድልድይ እስክትሻገር አዳምጣለሁ። አይርገበገብም።